እሺ፣ ይቆይ

የባሌ ሞት ወሬ የደረሰኝ ማክሰኞ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ እኩለ ቀን ለእኔ እኩለ ሌሊት ማለት ነው፤ መጋረጃውን በልብስ መቆንጠጫ ገጥሜ፣ ዓይኔን በሻሽ ሸፍኜ ተኝቻለሁ። ስልኩ ትራሴ ሥር ተንቀጠቀጠ። የባሌ እህት ናት። «ተኝተሽ ነበር?» አለችኝ። «አይ፣ ነቅቻለሁ» አልኳት፤ ሰው ሲቀሰቅሰን ሁላችንም የምንለውን። «ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ብቻዬን እንደምኖር የምታውቅ ሴት ይህን ስትጠይቀኝ ተነሥቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ምን ሆነ?» «እስቲ ጎረቤት ጥሪ።» «ምን ሆነ በይኝ!» «ድልድዩ...» አለች። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ የማስታውሰው ግን የራሴን ድምፅ ነው። እሺ እል ነበር። ድልድዩ ተበጠሰ፤ እሺ። እሱ ላዩ ላይ ነበር፤ እሺ። ወንዙ ሞልቷል፣ ሰዉ ሁሉ ዳር ለዳር እየፈለገው ነው፤ እሺ። «ሰምተሽኛል ግን?» እሺ። «ልጅቷ ተርፋለች፣ ሕፃን ያዘለችው፣ እሷን ቀድሞ አሻግሯት ነበር።» እሺ፣ እሺ።

ለሞት እሺ ይባላል? እኔ ግን ብያለሁ። እህቱ በኋላ «ደንዝዘሽ ነው ብዬ ነው እንጂ ፈርቼሽ ነበር» አለችኝ። እኔም ራሴን ፈርቼ ነበር። ስልክ ይዤ እሺ ስል ተስማማሁ ማለቴ አይደለም፤ አለሁ፣ መስመሩ አልተቋረጠም፣ ቀጥሉ ማለቴ ነው። እንደ እኔ ሩቅ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቃሉ የምንይዘው ክር ነው፤ ከለቀቅነው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ይጠፋል። ይህን አሁን የምጽፈው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሰባት ሰዓት አልፏል፣ ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ከራቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ግድግዳው ውስጥ ያለው የሙቅ ውኃ ቧንቧ ይንኳኳል። ሦስት ጊዜ፤ ዝም፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ከታች ያሉት ሽማግሌ ውኃ ሲከፍቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ባሌ ግን አናጢ ነበር፣ ሚስማር የሚያገባውም በሦስት ምት ነበር፤ ሁለቱ ጠንከር፣ ሦስተኛው ቀለል። ቧንቧው ሲንኳኳ እጄ ይቆማል። ሦስተኛው ቀለል ያለ ነው።

ሰፈራችንን ወንዝ ይከፍለዋል። ቤቶቹ በዚህኛው በኩል ናቸው፤ ገበያው፣ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ በዚያኛው። መሀሉ ላይ በሁለት የብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ አለ፤ ነበረ። ያለ እሱ በእግር መዞር ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ድልድዩን መንግሥት አልሠራልንም። ሰባት ዓመት ማመልከቻ ስንጽፍ ኖረን፤ ፈገግ የሚሉ ጸሐፊዎች «ደርሶናል» እያሉ ማኅተም መቱልን። አንድ እሑድ ሜዳው ላይ ተሰብስበን እጅ አወጣን። ማንም ያላዘዘንን ራሳችን ወሰንን፣ በአራተኛው ወር ተሻገርንበት። ያኔ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ የሰው ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ወገቤ ይቀነጠስ ነበር፤ የገዛ እጄ ያወጣው ውሳኔ ስለሆነ ግን ማታ ማታ እየሳቅሁ እተኛ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ የምለውን ሰምቶ ሰው እንዳይቸኩል ነው። ሜዳው መልካም ነገር አድርጎልናል።

የስብሰባው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። መጀመሪያ ሕጉ አንድ ቤት አንድ እጅ ነበር። አንድ ቀን ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁና «እኔ ታዲያ የማን እጅ ነኝ?» አልኩ። ሰብሳቢው፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ በወጣትነታቸው የወፍጮ ቤት ባለቤት የነበሩ ሰው ናቸው፣ «የባልሽ እጅ ያንቺም አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የእኔን እናውጣና የእሱ ይታጠፍ» አልኩ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ባሌ ነበር፤ እየሳቀም መጀመሪያ እጁን ያወጣ እሱ ነው። «የራሷ እጅ ይኑራት፤ ቤት ውስጥ እኮ ሁለቱንም እጄን የያዘችው እሷ ናት» አለ። አንድ ሰው አንድ እጅ ተባለ። ኋላ ደግሞ ሰው ወደ ውጭ መሄድ ሲጀምር ሌላ አንቀጽ ራሴ አረቀቅሁ፤ «የራቀ አባል በስልክ ይጠየቅ፤ ቃሉ እንደ እጁ ይቆጠር፤ ያለ ድምፅ የሚቀር ሰው አይኑር።» ከሥሩም «ድምፅ እኩል ሲሆን ጥንቃቄ ያለበት ወገን ይጸናል» የሚል አለ። ሁለቱም በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ አንድ ገጽ ላይ ናቸው። የመጀመሪያውን ስጽፍ ኮርቼ ነበር። ሁለተኛውን ስጽፍ ግን ዝናብ እየመጣ ስለነበረ ቶሎ ቶሎ ነው የጻፍኩት።

ባሌን በሰፈር ስሙን የሚጠራው የለም፤ አባ ሜትር ነው የሚሉት፤ ሜትሩ ከቀበቶው ስለማይለይ። አንድ ቀን ይደውላል። «ሳንቃውን ልቀይር ሄጄ ገመዱን አየሁት» ይለኛል። «በዚያ ማዶ፣ ሲሚንቶው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ፣ በቢላ ብነካው እንደ ቅርፊት ተላጠ።» «ዝጉታ!» እለዋለሁ፤ ይህንን በግልጽ ነው ያልኩት፣ አልተሳሳትኩም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። «ምን ትጠብቃላችሁ?» «እኔ ብቻዬን ምን ቁልፍ አለኝ? ሜዳው ይወስናል» ይላል። ከዚያ ስለ ጣሪያው አወራን። ጣሪያችን በአንድ ጥግ ያፈስሳል፤ አናጢ ቤት ነው እንግዲህ። «ስትመጪ አብረን እንሠራዋለን፣ ይቆይ» ይላል። እኛ ቤት ያልቆየ ነገር አልነበረም። ወረቀቱ እስኪያልቅና እሱም እስኪመጣ ጣሪያው ይቆይ፣ አልጋው ይቆይ። ልጅ ይቆይ አልን። ልጅ።

ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ ግን ቃለ ጉባኤውን እኔ የያዝኩት ያህል አየዋለሁ፤ እህቱ እየደጋገመች ነግራኛለች፣ ያልነገረችኝን ደግሞ ሞልቼዋለሁ። ሰማዩ ጠቁሯል። ባሌ ቆሟል። «ክረምቱ እስኪወጣ ይዘጋ። ገመዱ ታሟል» ይላል። ከኋላ አንዱ «አባ ሜትር፣ አንተ የእንጨት ሐኪም ነህ እንጂ የብረት!» ይላል፣ ይሳቃል። «እንግዲያው የብረቱ ሐኪም እስኪመጣ ይዘጋ» ይላል ባሌ። ሽንኩርት ሻጯ ትነሣለች፤ ቀጭን፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት፣ በየቀኑ ጭነቷን አዝላ የምትሻገር። «እሱ እስኪመጣ? እሱ እስኪመጣማ እኛ አርጅተን፣ ወንዙም ደርቆ! ስማኝ ወንድሜ፣ ድልድዩ ቢወድቅ የሚሞተውን ትቆጥራለህ። ድልድዩ ሲዘጋ የሚሞተውንስ ማን ይቆጥረዋል? ምጥ የያዛትን ሴት ሁለት ሰዓት ተኩል በቃሬዛ አንተ ትሸከማታለህ?» «እሸከማለሁ» ይላል ባሌ። «በመዶሻህ ነው?» ትላለች፣ ደግሞ ይሳቃል።

እውነቷን ነው። ስንት ቀን ይህን ክርክር ወጥ ቤቴ ውስጥ ስመላለስ ለብቻዬ ተከራክሬዋለሁ፤ እሷን ሆኜም፣ እሱን ሆኜም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚሻገረው ሰው ስለሚሻገርበት ነገር ሊጠየቅ ይገባል፤ ቢሮ ተቀምጦ ወንዙን ያላየ ሰው ይወስንልን ብዬ የምመኝ አይደለሁም፤ ያንን ሰባት ዓመት አይቼዋለሁ። ግን ገመዱ እጅ አይቆጥርም። ሰባ ሁለት ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ገመዱ ይችላል ብሎ እጁን ቢያወጣ ዝገቱ ስንት እጅ እንደወጣ አያውቅም።

ሠላሳ ስድስት እጅ ይዘጋ አለ፤ ሠላሳ ስድስት እጅ ክፍት ይቆይ አለ። ሦስቴ ተቆጠረ። «የራቁት ይጠየቁ» አሉ ጋሼ። ከራቅነው አራት ሰዎች መስመር የገባው የእኔ ብቻ ነው። እኔ የት ነኝ? የፈረቃዬ የመጨረሻ ሰዓት ላይ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ። የሆስፒታል አንሶላ ነው የምናጥበው። አንሶላውን አራግፈን የሚተኩሰው ማሽን አፍ ላይ እናስገባለን፣ እኔ በአንድ ጫፍ ሌላዋ በሌላ ጫፍ፤ ከቆምሽ አንሶላው ይጨማደዳል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ አለቃዋ ቀና ትላለች። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል አጣብቄዋለሁ። ጋሼ ይናገራሉ፤ ድምፃቸው ይመጣል፣ ይሄዳል። «...ሰማሽኝ?» «እሺ!» «...ድምፅሽን... እ... አሁን... ይቆይ ወይ?»

ይቆይ ወይ? ይቺ ናት የደረሰችኝ። ጋሼ ሥራ ላይ መሆኔን በማሽኑ ጩኸት አውቀው ነው፣ ሌላ ጊዜ ልደውል ወይ ማለታቸው ነው ብዬ አሰብኩ። እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው ብዬም አሰብኩ። «እሺ፣ ይቆይ!» ብዬ ጮኽኩ። መስመሩ ተቋረጠ። አንሶላው አልተጨማደደም።

እዚያ ደግሞ ጋሼ ስልኩን ወደ ላይ አንሥተዋል። «እሺ፣ ይቆይ ብላለች! ክፍት ይቆይ! ሠላሳ ሰባት!» ባሌ ተነሥቷል። «ጋሼ፣ ይድገሙና ይጠይቋት፤ እንዲህ አትልም።» «አባ ሜትር!» ይላል አንዱ፣ «ሚስትህ ካንተ ስትለይ ቆጠራው ይደገም ነው?» «የራሷ እጅ ይኑራት ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» ትላለች ሽንኩርት ሻጯ። ሜዳው በሳቅ ይሞላል። እህቱ እንደምትለው እሱም ሳቀ። አንገቱን እያሻሸ ሳቀና ተቀመጠ። ጋሼ አንድ ጊዜ ደግመው ሞክረው ነበር፤ መስመሩ እምቢ አለ፤ ዝናቡ ጀመረ፤ ሰዉ ተበተነ። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ እላለሁ። ሰው ሜዳ ላይ የሚሸነፈው በቁጥር ብቻ አይደለም፤ በሳቅም ነው፤ ሳቅ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም፤ እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩትም።

በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሜያለሁ። «እንዴት ነሽ የኔ ጸሐፊ?» ይላል፣ በድምፁ ውስጥ ሳቅ አለ። «ይቆይ አልሽ አሉ።» «ምኑን?» «ድልድዩን ነዋ። ሠላሳ ሰባት ለሠላሳ ስድስት አሸነፋችሁን። ሠላሳ ሰባተኛዋን አውቃታለሁ፣ እንቅልፍ ላይ ታንኮራፋለች።» ሁሉም ገባኝ፤ በአንድ ጊዜ፤ ማሽኑ፣ ጋሼ፣ ቃሉ። አውቶቡሱ ታጥፎ መጣ። «ቆይ፣ እቤት ስገባ ደውዬ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት። «እሺ» አለ። እቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

በማግስቱ ስደውል እንዲህ ብሎ ጀመረ፤ «ከተወሰነ ተወስኗል። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ የምታዘብ ሰው አይደለሁም። ድልድዩ አፍ ላይ ቆሜ ሦስት ሦስት ሰው ብቻ ነው የማሳልፈው።» ደስ ብሎታል። ሕፃናት እንዴት እንደሚሰለፉለት፣ ሽንኩርት ሻጯ «አንድ ብቻ ጨምረኝ» ብላ እንዴት እንደምትለማመጠው ይነግረኛል። «ለሷ ጭነቷን ጨምሬ ሁለት ሰው ነው የምቆጥራት» ይላል፣ እስቃለሁ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ቃሌ ቃል አልነበረም፣ እኩል ለእኩል ነበራችሁ፣ በሕጋችን ድልድዩ ተዘግቷል ማለት ነው ብል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ጋሼ ሜዳ ላይ ያፍራሉ አልኩ። ሰዉ፣ ተሸንፎ ሚስቱን አስዋሻት ይለዋል አልኩ። ክረምቱም ሊወጣ ነው አልኩ። ለነገ ይቆይ አልኩ። አሥራ አንድ ቀን። በስህተት ያልኩት ይቆይ አንድ ነው፤ እያወቅሁ ያልኩት አሥራ አንድ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሕፃን ያዘለች ልጅ ተሻገረችና ዘወር ብላ «አባ ሜትር፣ መሀሉ ላይ ሳንቃው ይወዛወዛል» አለችው። የቀሩትን «ማንም እንዳይገባ» ብሎ አቆማቸውና መዶሻውን ይዞ ገባ። ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰምተዋል። ወንዙ በሦስተኛው ቀን መለሰው። ሲቀበር አልደረስኩም፤ ስልኩን መቃብሩ አጠገብ ያዙልኝ፤ አፈሩ ሲወርድ ሰማሁ፣ መስመሩ ያን ቀን አልተቋረጠም።

እዚህ ደግሞ ፖስታ ይመጣል። በየጥቂት ወሩ፣ ወፍራም፣ ስሜ የተጻፈበት። የከተማው ነዋሪ ሆኜ ከተመዘገብኩ ወዲህ የከተማው ነገር ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል፤ መንገድ ይስፋ ወይ፣ ትምህርት ቤት ይታደስ ወይ፣ አዎ ወይስ አይደለም። አብሮት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አለች፤ ደጋፊዎች ሁለት ገጽ፣ ተቃዋሚዎች ሁለት ገጽ፣ ባለሙያዎች አንድ ገጽ። ለማሰብ ሰባት ሳምንት ይሰጣል። መጀመሪያ ሲደርሰኝ ለባሌ በስልክ አንብቤለት ነበር፤ «ሰባት ሳምንት? እኛ ዝናብ እስኪጥል ነው የምናስበው» ብሎ ስቆ ነበር። የአሁኑ ስለ ውኃ ማጣሪያ ነው፤ በየመንገዱ ተለጥፏል። ስድስት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ አዎ የሚል ሣጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ከታች ያሉት ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የማውቀው ቋንቋቸው አንቱ ለማለት ስለማይበቃ በአፌ አንተ፣ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። ዓርብ ዕለት ደረጃው ላይ አገኙኝ። «ወረቀትሽን ላክሽ?» «አልላክሁም።» «ለምን?» «ስለ ውኃ ማጣሪያ ምን አውቃለሁ?» «ውኃ አትጠጪም?» «እጠጣለሁ።» «እንግዲያውስ ታውቂያለሽ።» «ማሽኑን ግን አላውቀውም።» «ማሽኑን እኔም አላውቀውም። ማሽኑ ይሠራል ወይ ብለው አልጠየቁሽም፤ እሱን የለካው ሰው መጽሐፏ ላይ ጽፎታል። አንቺን የጠየቁሽ የትኛውን ሸክም ትሸከሚያለሽ ብለው ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ሕጉ አይሻርም አትሉም ወይ የሚል ዓይነት ጥያቄ ነበር፤ አዎ ያልኩት አይደለም ማለት ሆኖ ተገኘ።» «ከዚያስ?» «ምንም። በስምንት ሺህ ድምፅ ተሸነፍኩ፤ ማለቴ አሸነፍኩ። እስከ ዛሬ አልገባኝም።» ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። የእሳቸው ስህተት ስምንት ሺህ ሰው ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። የእኔ የሚጠፋበት ሕዝብ አልነበረውም።

ግን ያሉት ነገር ሁለት ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ቆየ። እኛ ሜዳ ላይ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ጠቅልለን ነው የጠየቅነው። ገመዱ ይችላል ወይ የሚለው የእጅ ጥያቄ አልነበረም። ከተዘጋ ማን ቃሬዛ ይሸከም፣ ሽንኩርቱን ማን ያዙር፣ ተራው የማን ነው የሚለው ግን ከእጅ በስተቀር ሌላ መልስ የለውም፤ እሱን ማንም ኢንጂነር አይመልሰውም። ያንን ጥያቄ ማንም ለእጅ አላቀረበም። ባሌ እሸከማለሁ ብሎ ነበር፤ ብናቀርበው ኖሮ ሌላም እጅ ይወጣ ነበር። እኛ ግን በመዶሻህ ነው ብለን ሳቅን።

ትናንት እሑድ ሜዳው ተሰበሰበ፤ ስለ አዲሱ ድልድይ። እህቱ አስቀድማ ነግራኛለች፤ እንደሚደውሉልኝም። ማሽን በሌለበት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ብናገር ጋሼን እሰብራለሁ፤ ባሌ ተሸንፌያለሁ ብሎ የታዘዘው ላልተወሰነ ነገር ነበር ማለት ነው። ዝም ብል ቃለ ጉባኤው ላይ ለዘላለም ባሏ ላይ እጇን ያወጣች ሴት ነኝ፤ እሱም እንደዚያ አምኖ ነው የሞተው።

«ጸሐፊያችን፣ ሰማሽኝ?» አሉ ጋሼ። እሺ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች፣ ዋጥኳት። «እሰማዎታለሁ ጋሼ። ከድምፁ በፊት የምናገረው አለኝ፤ ሁሉም እንዲሰማ ያድርጉልኝ።» ነገርኳቸው። ይቆይ ያልኩት ድልድዩን እንዳልነበረ። ከሁሉ የባሰውንም፤ ባሌ ከነገረኝ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አውቄ ዝም ማለቴን። «ሠላሳ ስድስት ለሠላሳ ስድስት ነበር። ጥንቃቄ ያለበት ወገን መጽናት ነበረበት። እሱ አልተሸነፈም።»

ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል፤ ሩቅ የወንዙም ድምፅ። ከዚያ ጋሼ ተናገሩ፤ የሚናገሩት ግን ለእኔ አልነበረም። «ይድገሙ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ይድገሙ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ስልኩን ስጡኝ» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ሽንኩርት ሻጯ። «ስሚ እህቴ። እኔን በስልክ የጠየቀኝ የለም። እዚሁ ቆሜ፣ ገመዱን በዓይኔ እያየሁ ነው እጄን ያወጣሁት። እንደኔ ያወጣ ሠላሳ ስድስት እጅ አለ። ሁሉንም ጠቅልለሽ ለብቻሽ አትውሰጂው፤ ለእኛም ተዪልን።» አለቀሰች፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠነከረ። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ መጻፍ ታውቂያለሽና ጻፊው። ድልድዩ ከወደቀ ወዲህ ሦስት ነፍሰ ጡር በቃሬዛ አዙረናል። አንዷ መንገድ ላይ ቀረች። ከታች ሰፈር የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። እሷን በማን ድምፅ እንመዝግባት?»

ብዕር አንሥቼ ጥያቄዋን እንዳለ ጻፍኩት።

ከዚያ ተወሰነ። ገመድ ይችላል አይችልም የሚለውን የሚያውቅ ሰው ለክቶ ይናገር፣ የተናገረው ለእጅ አይቅረብ ተባለ፤ ይህንኑ በእጅ ወሰኑት፤ እህቱ እንደነገረችኝ ሜዳው ሁሉ እጅ ሆነ። ድልድዩ እስኪሠራ ከየቤቱ ሁለት ሁለት ሰው በተራ ቃሬዛ ይሸከም ተባለ። ጋሼ ወደ እኔ ተመለሱ። «ሙሉውን ንገሪኝ» አሉ፣ «ቃል በቃል።» «እኔ፣ የአናጢው ሚስት፣ ከየቤቱ ሁለት ሰው ቃሬዛ እንዲሸከም እስማማለሁ» አልኩ። «በእኔ ቤት በኩል የሚሸከም ሰው ስለሌለ...» ብዬ ሳልጨርስ ሽንኩርት ሻጯ ከሩቅ «በሷ ቤት እኔ አለሁ!» ብላ ጮኸች።

ዛሬ ፖስታውን ከፈትኩት። መጽሐፏን መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኳት፣ ጥያቄውን አምስት ጊዜ፤ አዎው አዎ መሆኑን አረጋገጥኩ። ሣጥኗ ውስጥ ምልክት አደረግሁ። መስመሯ ጠማማ ሆነች፤ ግን ምን ለማለት እንደፈለግሁ ማንም ሊሳሳት አይችልም። ወርጄ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ስመለስ ቧንቧው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። «ሰምቻለሁ» አልኩት፤ እሺ አላልኩትም።

ይህን የምታነቡ፣ አታውቁትም፤ ስሙንም አልጻፍኩላችሁ። ሜትር ከቀበቶው የማይለይ፣ እየሳቀ የሚሸነፍ፣ ተሸንፎ ደግሞ ሰው እየቆጠረ የሚያሻግር ሰው ነበር። ነፍሱን ይማርልኝ በሉ። መንገድ ላይ የቀረችውን፣ ማንም እጅ ያልቆጠራትን የልብስ ሰፊውን ልጅም ከእሱ ጋር አስቧት፤ ለሁለቱም አንድ ላይ በሉ። በልባችሁ አይሁን፤ በአፋችሁ፣ ሙሉውን፣ ቃል በቃል። ደግሞም አሁን፤ እባካችሁ፣ አይቆይ።